እስከ መጨረሻው ያልተነበበ ደብዳቤ

ወንፊት የሚል ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ሐሳቡ የመጣው ሽቦ ከሚሉት ቴክኒሺያን ሲሆን ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ የሰው ቆሻሻ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፣ ገለባው እሷ ዘንድ ይቀራል። መጀመሪያ ተቆጥታ ነበር፤ በኋላ ግን ለመደችው። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የማይለምደው ነገር የለም፣ የወገብ ሕመሙን ጨምሮ።

ኩባንያው ለድረ ገጾች ማረፊያ ያከራያል። ድረ ገጽም እንደ ሰው ቤት ይፈልጋል፤ ቤቱ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ሲያጉረመርሙ የሚውሉ ማሽኖች የተደረደሩበት ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ጥርስ ነቃዩ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ ማንም የማያነበው የግጥም ማኅበር፣ ሁሉም እዚያ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ጎረቤት መሆናቸውን ግን አያውቁም። ከተከራዮቹ አንዱ ሰው ሲያስቀይም አቤቱታው የሚመጣው ወደ ወንፊት ነው። ሥራዋ ከፍቶ ማየት ነው። ሌላው ሰው «አይቼው እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ የጻፈበትን ነገር እሷ ሻይዋን አስቀምጣ ታየዋለች።

ቤት ስትገባ ባሏ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ፣ «ዛሬስ ምን አየሽ?» ይላታል። «ምንም» ትለዋለች። ምንም አለመሆኑን እሱም ያውቃል፤ ግን ሠላሳ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የቱን ጥያቄ መድገም እንደሌለበት ያውቅበታል።

ከወንበሯ በላይ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የጻፈችው ራሷ ናት። «ምስሉ የውሸት ካልሆነ፣ ሕግ ካልጣሰ፣ የሰው ስልክና አድራሻ ካላወጣ፣ አስቀያሚ ስለሆነ ብቻ አይወርድም» ይላል። ይህን የጻፈችው ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ነርስ በምትሠራበት ሆስፒታል አልጋ ላይ ተረስተው ጀርባቸው የቆሰለ ሽማግሌዎችን ፎቶ አወጣች። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪዎች «ለሕዝብ ዓይን የማይመጥን ዘግናኝ ምስል» ብለው ጠበቃ ላኩ። ወንፊት ግን ወይ ፍንክች አለች። ፎቶዎቹ ቆዩ፤ በስድስተኛው ወር ሕሙማኑን የሚያገላብጡ ሠራተኞች ተቀጠሩ። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ በዚህ ትኮራለች። የሚያስቀይመውን ነገር ደብቁልኝ የሚለው ብዙ ጊዜ ራሱ የሠራው ሰው ነው ብላ ታምናለች፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናት።

ሰኞ ጠዋት የመጣው ደብዳቤ ግን ከአስተዳዳሪ አልነበረም። የጻፈችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። ትልቋ ልጇ ከሁለት ዓመት በፊት በአሥራ ሰባት ዓመቷ በመኪና አደጋ ሞታለች። አሁን ፎቶዋ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ እንደወደቀች፣ አንድ ድረ ገጽ ላይ ወጥቷል። ትንሿ ልጇ አሥር ዓመቷ ነው። የክፍሏ ልጆች በስልክ አሳዩአት። ትምህርት ቤቱ ለአንድ ሳምንት ዝግ ነው፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሲከፈት ልጅቷ አልሄድም ብላለች። «እስከ ሰኞ ብታወርዱልኝ» ይላል ደብዳቤው።

ድረ ገጹን ወንፊት ታውቀዋለች። ባለቤቱ ለመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት የአደጋ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ፎቶዎቻቸውን አወጧቸው፤ ከእያንዳንዱ በታች ቀኑን፣ ቦታውንና መንስኤውን ይጽፋሉ። ፍጥነት። መጠጥ። እንቅልፍ። የሟች ስም አይጽፉም። አንድ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የደረሱ አሥራ አራት አደጋዎችን በአንድ ገጽ ደርድረው ካሳዩ በኋላ መንገዱ አጥር ተሠርቶለታል፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ የሞተ ሰው የለም። ይህ እውነት ነው። ከፎቶዎቹ ሥር ግማሹ ሰው «ነፍስ ይማር» ሲጽፍ ግማሹ መቀለዱም እውነት ነው።

ፎቶውን ከፈተችው። አየችው። ዘጋችው።

ከዚያ ወረቀቷን ቀና ብላ አየች፤ በቃሏ የምታውቀውን ደንብ ለምን እንዳየችው እንጃ። ፎቶው የውሸት አይደለም። የሚከለክለው ሕግ የለም። ስም የለበትም፣ አድራሻ የለበትም። አስቀያሚ ነው፤ አስቀያሚነት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ራሷ ናት እንዲህ ያለችው።

ቀጥሎ የሚደረገውም የታወቀ ነው። ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድምና አቤቱታው መልስ እንዲሰጥበት ለድረ ገጹ ባለቤት ይላካል። ከመላኩ በፊት ግን ወንፊት የአቤት ባዩን ስምና አድራሻ በእጇ ታወጣለች። ይህን ሥራ ለማሽን አትሰጥም፤ አንድ ጊዜ ሽቦ ማሽን ሊያስተምርላት ሞክሮ ማሽኑ የሰውየውን ስም ትቶ «ጤና ይስጥልኝ»ን ሰርዞ ነበር። የዚያን ቀን የልብስ ሰፊዋን ስም ከላይ ቆረጠች፣ አድራሻዋን ቆረጠች። ደብዳቤው ረጅም ነበር። መሐል ላይ እናትየዋ ልጇ በአደጋው ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጣ ምን እንዳለቻት መጻፍ ስትጀምር ወንፊት ዓይኗን አነሳች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አንብባለች፤ መጨረሻቸውን ታውቀዋለች፤ ሁሉም በልመና ነው የሚያልቁት። ላከችው።

ይሄኛው በልመና አላለቀም። «ካላመናችሁኝ ደውሉና ጠይቁኝ» ብሎ በስልክ ቁጥር ነበር ያለቀው።

ረቡዕ ጠዋት እናትየዋ ደወለች። ከድምፅዋ ኋላ የስፌት መኪና ይሰማል፤ እየሰፋች ነበር የምታወራው።

«እህቴ፣ ስልኬ ከትናንት ጀምሮ አላረፈም» አለች። «ጎረቤቴ ገብታ አየችልኝ፤ ደብዳቤዬን እንዳለ ፎቶው ሥር ለጥፈውታል። አንዱ ደውሎ ሳቀብኝ። አንዷ ደውላ አለቀሰችልኝ። የሳቀው ይሻላል፣ ቶሎ ዘጋው።»

ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል። ወንፊት ደብዳቤውን ከፍታ ወደ ታች ወረደች፤ ቁጥሩ እዚያ ነበር።

«አጣርቼ እደውልልዎታለሁ» አለች። የሚጣራ ነገር አልነበረም። ፈርታ ነው።

ወዲያው ሽማግሌው ዘንድ ደወለች። ድምፃቸው የተረጋጋ ነው፤ ስንት ሰው ጮኾባቸዋል።

«የተቃወመኝን ሁሉ ደብዳቤ አወጣለሁ እኮ ልጄ» አሉ። «ሰው ሁለቱንም ወገን አይቶ ይፍረድ ብዬ ነው። ከእናንተ ሲመጣ ደግሞ ስም ስለማይኖረው አልመረምረውም። አንቺን አምኜ ነው።»

«ስህተቱ የእኔ ነው አባባ። ቁጥሩን ያውጡልኝ።»

«አሁኑኑ አስወጣዋለሁ። እኔ እንኳ ኮምፒውተሩን እስክከፍት ይመሻል፤ ተከታታዮቼ ናቸው የሚያግዙኝ።»

ቁጥሩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ወንፊት ግን ስልኩን አልዘጋችም። ደንቧ ከዚህ በላይ እንድትሄድ አያዛትም፤ አይከለክላትምም።

«አባባ፣ ፎቶውንስ?»

«እሱን እንኳ አታንሺብኝ። ለአንዷ እናት ካወረድኩ የሁሉም እናት አለች። ከዚያ ምን ቀረኝ? ባዶ መንገድ ላሳይ? አንድ ሹፌር እሷን አይቶ እግሩን ከነዳጁ ላይ ካነሳ የሷ ሞት ከንቱ አልቀረም።»

«ያዩአት ሹፌሮች ብቻ አይደሉም። እህቷ አይታታለች። አሥር ዓመቷ ነው።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አሥር?» አሉ። «ደብዳቤው ላይ አንብቤዋለሁ። ግን ሳነበው አንድ ነገር ነው፣ ሰው ሲለው ሌላ ነገር ነው። ፊቷን ልሸፍነው። መኪናው ይታይ፣ መንገዱ ይታይ፣ እሷ ትሸፈን። ይሄ ይሆናል። ነገ ጠዋት ግን ሴት ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው፤ ዓርብ ማታ ነው የምመለሰው። ለእነዚያ ለሚያግዙኝ ልጆች አልሰጠውም፣ በሷ ላይ ሲቀልዱ አይቻለሁ። በእጄ ነው የምሠራው። እንዴት እንደሚሸፈን ታሳይኛለሽ?»

«ቅዳሜ ጠዋት ደውዬ አሳይዎታለሁ» አለች ወንፊት። ቅዳሜ ሥራ የለም፤ ቢሆንም ትገባለች። ከሰኞ በፊት ይደርሳል። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይዋን ትኩሱን ጠጣች።

ዓርብ አለቃዋ መጣ። ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉነቱ ሬዲዮ ጣቢያ ሲደውልለት ብቻ ነው። ያን ቀን ጠዋት ሬዲዮ ደውሎለታል። የሞተች ልጅ ፎቶ አስቀምጦ የእናቷን ስልክ የሚበትን ድረ ገጽ እናንተ ዘንድ ነው ወይ ብለውታል። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ፎቶውን ከፈተ፤ ወዲያው ፊቱን አዞረ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ በጣም ዘግናኝ ነው» አላት።

ለቀባሪው አረዱት።

«የሰው ስልክ አውጥቷል» አለ ወደ ወረቀቷ እየጠቆመ። «በራስሽ ደንብ መውረድ አለበት። ሰበብ ስንፈልግ ራሱ ሰጠን።»

«ስልኩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳላነበው ላክሁት። እሳቸውም በተነገራቸው በአሥር ደቂቃ አጥፍተውታል።»

«ይሄን ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እየነገርኩህ ነው። ሰውየው ሰምተውናል፣ ነገ ጠዋት ይሸፍኑታል። አንድ ቀን ታገሰኝ። እዚህ እስካሉ ድረስ ስደውል ያነሳሉ። ካስወጣናቸው ማን ያነሳልኛል?»

አለቃው ዓይኑን አሻሸ። እሱም አልተኛም መሰለኝ። «እትዬ፣ ለሬዲዮ ነገ ይሸፈናል ብዬ አልናገርም። ወርዷል ነው የምለው። አንቺም እንደሆነ ደክሞሻል፣ ይታየኛል። ሽቦ፣ ድረ ገጹን ዝጋው።»

ከበስተኋላ የተቀመጠው ሽቦ ወንፊትን አያት፤ አንድ ቃል ቢወጣት ለጊዜውም ቢሆን እጁን ያዘገይ ነበር። በነርሷ ጊዜ ያ ቃል ነበራት። አሁን ግን በእርግጥ ደክሟት ነበር፤ ልኩን ለመናገር ደግሞ የልቧ አንድ ጥግ እፎይ ብሏል። ያን ፎቶ ዳግመኛ አትከፍተውም። ለሽማግሌው ምስል መሸፈን ስታስተምር አትውልም። ምንም አላለችም፤ ሽቦም ዘጋው። ለሽማግሌው ስትደውል ስልካቸው አይሠራም ነበር፤ መንገድ ላይ ይሆናሉ።

ለእናትየዋ ግን ደውላ «ወርዷል» አለቻት። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ተባረኪ» አለች እናትየዋ። «ልጅ ካለሽ ልጅሽን፣ እናት ካለችሽ እናትሽን ያኑርልሽ።»

በስህተቴ ነው ስልክዎ የወጣው ለማለት ይህ ጥሩ ጊዜ ነበር። ሰው ሲመርቅ ግን እንዴት ይቋረጣል? ወንፊት አሜን አለች። ያ አሜን ቅዳሜና እሑድ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ ዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ትደውልላቸዋለች በተባለው ሰዓት፣ ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ዘጋችሁት» አሉ። «እኔ ልሸፍነው ብዬ መነጽሬን አጥቤ መጣሁ።»

«አባባ፣ እኔ…»

«እስቲ ቆይ። ነገሩ ከዚህ ብሷል። እነዚያ ተከታታዮቼ የሁሉም ቅጂ ነበራቸው። ትናንት ማታውን ሌላ ቦታ ከፍተውታል። ምንም ነገር አናወርድም ብሎ የሚፎክር አንድ ድርጅት ዘንድ። የሷን ፎቶ ብቻ ከሁሉም በላይ አድርገው፣ ‹ሊያፍኑት የሞከሩት ፎቶ› ብለውታል። ደብዳቤውም አለ። ስልኩም ተመልሷል። አውርዱ ብላቸው፣ ‹አባባ እርስዎ ፈርተው ነው፣ እኛ አንፈራም› አሉኝ። ቁልፉ አሁን እነሱ ጋ ነው። እኔም እንደ ማንም ሰው ከውጭ ነው የማየው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ወንፊት ለአዲሱ ድርጅት ጻፈች፤ አሥራ አንድ ዓመት ስታነበው የኖረችውን ዓይነት ደብዳቤ በተራዋ ጻፈች፤ ሳታስበው በልመና ጨረሰችው። መልሱ በሦስት ሴኮንድ መጣ። «አቤቱታዎችን አናነብም» ይላል። እንደ እሷ ወንፊት ያሉት ሰው እንኳ እዚያ የለም።

እሑድ ከሰዓት ባሏ ገበያ ሲወጣ ስልኳን አንስታ ለልብስ ሰፊዋ ደወለች። ሥራዋ በዓል አያውቅም መሰለኝ፣ የስፌት መኪናው ዛሬም ይሰማል። ሳታስጌጥ ነገረቻት። ፎቶው ሌላ ቦታ መከፈቱን። ከበፊቱ የበለጠ ሰው እያየው መሆኑን። ስልኳ እንደገና መውጣቱን። ሽማግሌው ሊሸፍኑት አንድ ቀን ሲቀራቸው መዘጋቱን፣ ሲዘጋም እሷ ዝም ማለቷን።

«አሁን ማን ዘንድ ነው አቤት የሚባለው?» አለች እናትየዋ።

«ማንም ዘንድ።»

«ስልኬንስ መጀመሪያ ማን አወጣው?»

«እኔ ነኝ። ደብዳቤዎን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም።»

«ለምን?»

«አቃተኝ።»

መኪናው ቆመ። ወንፊት ስድብ ጠበቀች፤ ይገባኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር። እናትየዋ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ፎቶውን አንቺ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ሥራዬ ነው።»

«እኔ አላየሁትም። ያን ጊዜም አላሳዩኝም፤ ባታያት ይሻላል ብለው ዘመዶቼ ያዙኝ። ሳጥኑ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። አሁን ሁሉም ሰው አይቷታል፤ የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ትንሿን ጠየቅኋት። ‹እማዬ፣ የተኛች ነው የምትመስለው› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አትበላም። መብራት አጥፊ ስላት ታለቅሳለች። የተኛ ሰው ያየ ልጅ እንዲህ ይሆናል እህቴ? ነገ ትምህርት ቤት ላደርሳት ነው። እውነቱን ንገሪኝ። የተኛች ነው የምትመስለው?»

አዎ ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ትንሽ ቃል ናት። እናትየዋ ዛሬ ትተኛለች፤ ወንፊትም ለአንድ ጊዜ እንኳ ለሰው የሚጠቅም ነገር ሸፍና ታድራለች። ግን አዎ ካለች ያች የአሥር ዓመት ልጅ ውሸቷን ብቻዋን ስትጠብቅ ትኖራለች፤ እናቷም በር ላይ ቆማ ምን ሆነሽ እያለች ትኖራለች።

«አይደለም» አለች ወንፊት።

«እንግዲያው ልጄ ለእኔ ብላ ብቻዋን ተሸክማው ነው የከረመችው» አለች እናትየዋ። «ንገሪኝ። እሷ የምታውቀውን ልወቀው።»

ወንፊት ነገረቻት። ከላይ ጀምራ፣ ሳትዘል፣ ያየችውን ያህል ብቻ ነገረቻት፤ ያላየችውን ስትጠየቅ አላየሁም አለች። እናትየዋ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀስ በይ» አለቻት።

ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። እናትየዋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ሳትዘጋው ትታዋለች።

«የኔ ልጅ» ስትል ይሰማል። «ነይ እስቲ። ነይ እዚህ ቁጭ በይ። እኔም አሁን አውቄዋለሁ።»

ቀጥሎ የልጅቷ ልቅሶ መጣ፤ መጀመሪያ ታፍኖ፣ በኋላ ሳይታፈን። ወንፊት ስልኩን ዘጋችው፤ ይሄን እሷ ልትሰማው አይገባም ነበር።